በባሕር መካከል የተንቀሳቀሰው አሸዋ

ማሌዮ ልጇን ጥላ የምትሄድ ወፍ ናት ሲሉ እሰማለሁ። ከተማ ውስጥ ልጇን ለአያት ትታ ሥራ ፍለጋ የሄደችን ሴት «ማሌዮ» ብለው ይሰድቧታል። ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ተሳዳቢዎቹ አንድም ቀን ጎህ ሲቀድ በመንደራችን በሳሌአ ጥቁር አሸዋ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ቢቀመጡ ኖሮ ባልና ሚስቱ ከተራራው ጫካ አብረው ወርደው፣ አንዱ ሲቆፍር ሌላው አንገቱን ቀጥ አድርጎ ሲጠብቅ ባዩ ነበር። ጉድጓዱ እናቲቱን እስኪውጣት ድረስ ይቆፍራሉ። ከዶሮ እንቁላል አምስት እጥፍ የሚመዝን አንድ እንቁላል ትጥላለች። ደፍነውት ሲያበቁ ሌባ ለማሳሳት ወዲያና ወዲህ ባዶ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ይህ ጥሎ መሄድ ነው? ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ብዙ ወላጅ አይቻለሁ። ለልጁ ይህን ያህል የደከመው ጥቂት ነው።

ጫጩቱን ደግሞ አስቡት። ማንም አያቅፈውም፤ የሚያሞቀው ፀሐይ ያጋለው አሸዋ ብቻ ነው። ሁለት ወር ከዚያም በላይ እዚያ ይቆያል። ቅርፊቱን ሰብሮ ከወጣ በኋላ በጨለማ ውስጥ ወደ ላይ ይቆፍራል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይቆፍራል። ብርሃን ባየበት ቀን ይበራል። ያስተማረው የለም፤ ያጎረሰውም የለም። መብረርን እያወቀ ከመሬት ይወጣል። በትምህርት ቤት ይህን ሳስተምር ድምፄ ይሰበር ነበር፤ ልጆቹም ይስቁብኝ ነበር።

ስሜ ኑርሃያቲ ነው። መንደሩ ፊት ለፊት «መምህርት» ይለኛል፤ ከኋላዬ የሚለኝንም አውቃለሁ። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ከሦስት ሴቶች ጋር ሆኜ አሸዋውን አጠርኩት። «ከዚህ አንድም እንቁላል አይወጣም» አልኩ። ከእንቁላል ቆፋሪዎች ጋር ተጣላሁ። እንቁላሉን ለእንግዶቹ ግብዣ ከሚያስመጣው ሹም ጋር ተጣላሁ። ከሁሉም የከፋው ጠብ ግን ወፎቹ ከተራራው የሚወርዱበትን ጫካ መንጥሮ የዘይት ዘንባባ ሊተክል ከመጣው ኩባንያ ጋር ነበር። ድሃው መንደርተኛ አንድ እንቁላል ሲበላ «ወፏን አጠፋ» ብለው ጋዜጣ ላይ የሚጮኹት ሰዎች፣ ጫካ ሙሉ በሙሉ ሲገረሰስ ድምፃቸው አይሰማም። ከተራራው እስከ ባሕሩ አንድ ቀጭን ጫካ ነጥቀን አስቀረን። ስንጀምር በአንድ ማለዳ አሥራ አራት ጥንድ ብቻ ይወርድ ነበር፤ ዘንድሮ ስልሳ አንድ ጥንድ ቆጥሬአለሁ።

ሁሉን ተከራክሬ ረታሁ። አንድ ሰው ግን ሊረታልኝ አልቻለም፤ ምክንያቱም ተከራክሮኝ አያውቅም።

ኦም ሳኑሲ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ «ኦም» በእኛ አጎት ማለት ነው። ሥራው ማሻገር ነው። በእኛ ዘንድ የዓመቱ የመጀመሪያ አርባ እንቁላሎች ባሕሩን ተሻግረው ቶጎላ ደሴት ላይ ካለው የድሮ ነገሥታት ቤት ሳይደርሱ ማንም ሰው እንቁላል አይቀምስም። እንቁላሎቹ የሚሄዱት ከዚሁ ከእኛ አሸዋ በተሞላ ቅርጫት ውስጥ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ከላይ የዘንባባ ቅጠል ተከድኖላቸው ነው። ኦም ሳኑሲ ይህን ከአባቱ፣ አባቱም ከአባቱ ተረከበ። አሸዋውን ያጠርኩ ዕለት መጥቶ ይጮህብኛል ብዬ ምላሴን ስዬ ጠብቄው ነበር። አልመጣም። ከገበያ የዳክዬ እንቁላል ገዝቶ ተሻገረ። በየዓመቱ እንዲሁ፣ ሰባት ዓመት። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አይናገርም።

ዘንድሮ አንድ ማለዳ አጥሩ ሥር ቆሞ አገኘሁት።

«አጥርሽ ጠንካራ ነው መምህርት» አለኝ።

«እርስዎንም አገደዎት እንዴ ኦም?»

«እኔን ያገደኝ ጉልበቴ ነው።» አጥሩን ተደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበ። «አንድ ስጪኝ።»

«ምን አንድ?»

«አታስለፍልፊኝ። ሐኪሙ ሳንባዬን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ለከርሞ የሚሻገረው ሌላ ሰው ነው። ሰባት ጊዜ ዋሽቻለሁ ልጄ። የመጨረሻው ላይ ከአርባው አንዷ እንኳ እውነተኛ ትሁን።»

«ለእርስዎ አንድ ከሰጠሁ ነገ ለሚመጣው ሁሉ ምን እላለሁ? የእገሌ ወንድም ልጅ፣ የእገሌ አማች...»

«የወንድሜ ልጅ አንቺ ነሽ።»

መሳቅ ነበረብኝ፤ ተቆጣሁ። ይህ የኔ ዕዳ ነው፤ መሳቅ ሲገባኝ እቆጣለሁ። ቶጎላዎች ቀቅለው ለሚበሉት አንዲት ነፍስ አልገብርም አልኩት። ባህል ማለት ሆድ ነው እንዴ አልኩት። ነገሥታቱ ከሞቱ መቶ ዓመት ሆኗቸዋል፣ ማንን ነው የምትቀልቡት አልኩት። ሁሉንም ሰማኝና «እሺ» ብሎ ሄደ። ከጀርባው ሲታይ ሸሚዙ ከሰውየው ይሰፋ ነበር።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ደብተሬን አወጣሁ። አደጋ የሚያሰጋቸውን እንቁላሎች አንሥተን የምንቀብርበት ትንሽ አጥር አለን፤ እያንዳንዱ ቁጥርና ቀን አለው። አሥራ ሰባተኛው ከተቀበረ ዘጠና አንድ ቀን አልፎታል። ሌሎቹ ወጥተው በረዋል። ከጎኑ «ሙት» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። እያየሁት አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ክፉ ሐሳብ የጥሩ ሐሳብ ልብስ ለብሶ ሲመጣ ፈጣን ነው። ይህን ልስጠው። ቃሌ አይሰበርም፣ ሽማግሌውም ደስ ይለዋል። እንዲህ ነው የተማረ ሰው ተንኮል፤ ለራሱ እንኳ ተንኮል አይመስለውም።

አውጥቼ ቤቱ ድረስ ወሰድኩለት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ጉንጩ ላይ አስጠጋው፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ብዙ ቆየ። ሃምሳ ዓመት አሸዋ የቆፈረ እጅ ነው። ያውቅብኝ ይሆን ብዬ ፊቱን ፊቱን አየሁ። ዓይኑን ሲገልጥ እንባ ሞልቶበታል።

«ይህን ነው የምትሰጪኝ? በርግጥ?»

«ይህን ነው።»

«ሃያቲ» አለኝ። መምህርት ከሆንኩ ጀምሮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «አንቺን እንዲህ አላውቅሽም ነበር።»

ሰጪ ከእንቁላሉ ጋር ይሻገራል፤ ሥርዓቱ ነው። እንደዚህ ነው ጀልባ ውስጥ የገባሁት። ነፋሱ እስኪበርድ ሦስት ቀን ጠበቅን። ቅርጫቱ ከተሞላ በኋላ ጣራ ሥር አይገባምና ሦስቱንም ቀን ጀልባዋ ላይ ፀሐይ ሲያግለው ዋለ። ሠላሳ ዘጠኙ የዳክዬ ናቸው፣ የኔው መካከል ላይ ቆሟል። በአራተኛው ቀን ማለዳ ተነሣን። ሞተሩን የያዘው ሩስታም ነበር፤ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ምላሱ ግን ከመረቡ ይልቅ ብዙ ይይዛል።

«መምህርት፣ ባሕር ላይ ደግሞ አጥር እንዳትሠሪብን» አለኝ ገና ሳንርቅ።

«ላንተ አፍ ነበር መሥራት።»

«ኦም፣ ሰሙልኝ? ገና ከባሕሩ ዳር ሳንርቅ ነው እንግዲህ።»

ኦም ሳኑሲ ጥቁር ቆቡን ደፍቶ፣ ቅርጫቱን በጉልበቶቹ መካከል አድርጎ፣ ወደ ፊት ብቻ ያይ ነበር። እንቁላል የጫነች ጀልባ አፍንጫዋ ወደ ኋላ አይዞርም። ማዕበል ቢመጣ፣ ሰው ቢወድቅ፣ አይዞርም። ያዞረ ሰው ዳግም አያሻግርም፤ ልጁም አያሻግርም። ይህን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሲዘፈን ሰምተነዋል።

እኩለ ቀን ላይ፣ ተራራችንና ደሴቱ እኩል ከፍታ ሆነው የሚታዩበት ቦታ ደረስን። እዚያ ሞተሩ ይጠፋል። የአሸዋው ቅጠል ተነሥቶ ለባሕሩ ይሰጣል፣ አዲስ ቅጠል ይከደናል። ሩስታም ሞተሩን አጠፋ። ከሞተሩ ጩኸት በኋላ ያለ ጸጥታ ጆሮ ያማል። ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። ኦም ሳኑሲ አሮጌውን ቅጠል አንሥቶ ውኃው ላይ አስቀመጠ፤ አልወረወረውም፣ አስቀመጠው።

አሸዋው ተንቀሳቀሰ።

መጀመሪያ ጀልባዋ ናት ያናወጠችው ብዬ ነበር። ጀልባዋ ግን ቆማለች። በቅርጫቱ መካከል አሸዋው እንደሚተነፍስ ሰው ደረት ትንሽ ከፍ አለ፣ መልሶ ዝቅ አለ። አንድ የዳክዬ እንቁላል ቀስ ብሎ ወደ ጎን ተንከባለለ። ሦስታችንም አየነው። እንደገና ከፍ አለ። አሸዋው ተሰነጠቀ፣ ወደ ውስጥ ፈሰሰ፣ ከፈሰሰበት ጨለማ ውስጥም አንድ ጥፍር ወጣ። ከዚያ ሌላ እግር። ከዚያ ራስ።

ሰባት ዓመት ሙሉ ጫጩት ከመሬት ሲወጣ በማለዳ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ለመድኩት ብዬ ነበር። ሰው ምን ያህል ድፍረት ቢኖረው ነው ይህን «ለመድኩት» የሚለው? ዙሪያው ሁሉ ውኃ፣ ከሥራችን ማንም ያልለካው ጥልቀት፤ በዚያ ሁሉ ባዶ መካከል ከአንድ ቅርጫት አፈር ውስጥ ሕይወት ቆፍሮ ወጣ። ቡናማ ላባው ሙሉ ነው፣ ሽፋሽፍቱ ላይ የጥቁር አሸዋ ፍንጣሪ ተሰክቷል። ደረቱ ላይ ዐርፎ ተነፈሰ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ከዚያ ወደ እኛ ተመለከተ። ሰው ምን እንደሆነ ገና ያልሰማ ዓይን ነው፤ ፍርሃት የለበትም፣ ልመናም የለበትም። ፊቴን መደበቅ ነው ያማረኝ።

«አላህ» አለ ሩስታም ቀስ ብሎ። ከአፉ ቀልድ ሲጠፋ የመጀመሪያው ነበር።

ጫጩቱ ቆመ። አንዱን ክንፉን ዘረጋ፣ አራገፈ። ያን ጊዜ ነቃሁ። ሁለተኛውን ካራገፈ ይነሣል። ከተነሣ የሚያርፍበት ጫካ የለም፤ ባሕር ብቻ ነው።

«ያዙት! ኦም፣ ይበራል፣ ይሰምጣል!»

ሽማግሌው አልተጣደፈም። ቆቡን አውልቆ ጥላ እንደሚያደርግለት ሁሉ ከላይ ደፋበት፤ በሌላው እጁ ከሥሩ ደገፈው። ከቆቡ ሥር መንጫጫት እንኳ አልተሰማም።

«መልሳት!» አልኩት ሩስታምን። «ጀልባዋን መልሳት!»

«እኔ?» እጁን ከሞተሩ ላይ እሳት እንደነካው ሰው አነሣ። «እኔ አላዞርም። ሦስት ልጆች አሉኝ። ለምን አንቺ አታዞሪም፣ ሁሉን የምታውቂው?»

«ወሬ አሁን ነው?»

«ደሴቱ ላይ ጫካ የለም እንዴ?»

«ደሴቱ ላይ ድመትና ውሻ ነው ያለው! ጫካው የቱ ነው? የኮኮናት ተክል ነው ጫካ የምትለው? ይዘን እንዳንመልሰው እስከ ነገ ታፍኖ አይቆይም!»

«ዝም በሉ ሁለታችሁም» አለ ኦም ሳኑሲ። ትንፋሹ ያፏጫል። «ልቡ ይመታል። እጄ ውስጥ ይመታል።» ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት ነበር። «ሃያቲ፣ የሰጠሽኝ ዕለት አውቄአለሁ። ሙት እንቁላል እጅ ላይ ይከብዳል፣ ሕያው ግን ራሱን ይዞ ይቀመጣል። ጉንጬ ላይ ሳስጠጋው ከውስጥ ነካኝ። ይህች ልጅ ከምትጠብቀው ሁሉ ለመውጣት የተቃረበውን ሰጠችኝ አልኩ። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን አላደርገውም ነበር። ሦስቱን ቀን ይህን ሳስብ ዋልኩ። ሕያው ሆኖ እንዲደርስ ፈልገሽ መስሎኝ ነበር።»

ዝም ማለት እችል ነበር። ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን ያን ፊት እያየሁ ዝም የምልበት ጉልበት አጣሁ።

«ሙት መስሎኝ ነው» አልኩ።

«ምን?»

«ሙት መስሎኝ ነው የሰጠሁዎት። ደብተሬ ላይ ሙት ብዬ ጽፌዋለሁ። ቀኑ አልፎ ነበር። ዘንድሮ ዝናቡ ስለበዛ አሸዋው ቀዝቅዞ ነው የዘገየው፤ ይህን ሳላስብ ቀረሁ። እኔ አስተማሪዋ።»

ሞተሩ እንደጠፋ ነው። ውኃው ጀልባዋን በጎን ይልሳል።

«በድን ልታሸክሚኝ ነበር?» አለ። «ለአባቶቼ ቤት?»

«አዎ።»

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ይህን ስድብ እፈልገው ነበር። እሱ ግን እጁ ውስጥ ያለውን አየ፣ እኔን አየ፣ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳል መስሎኝ ደነገጥሁ። ሳቅ ነው።

«የኔ የዳክዬ፣ የሷ በድን!» አለ እየሳለ። «ሩስታም፣ ሰማህ? ሁለት ቀጣፊዎች ጭነህ ነው የምትሄደው። ከመካከላችን ያልዋሸው ይሄ ብቻ ነው።»

«እኔ ምን ዋሸሁ?» አለ ሩስታም።

«ዕድሜህ ገና ነው።» ከዚያ ሳቁ ቆመ። ወደ ደሴቱ አየ። የድሮው ቤት ጣራ በዓይን ይታይ ነበር፤ የክብር ልብስ ለብሰው የሚጠብቁን ሰዎች ከወደቡ ላይ ናቸው። እዚያ አንድ እውነተኛ ይዞ ለመድረስ ሰባት ዓመት የጠበቀ ሰው ነው፤ ከእንግዲህ ዓመት እንደሌለው የሚያውቅ ሰው ነው። ወደ ኋላ ዞሮ ደግሞ ተራራችንን አየ።

«ሩስታም፣ ተነሥ። መሪውን ስጠኝ።»

«ኦም፣ ይተዉ፤ ሌላ ዘዴ...»

«እኔ ነኝ የማዞረው። ባንተ አይደርስም። ሃያቲ፣ ተቀበይኝ፤ ቆቡን እንዳትከፍቺ።»

ጫጩቱን ተቀበልኩ። ከቆቡ ጨርቅ ሥር አንድ ትንሽ ሙቀት በመዳፌ ላይ ተቀመጠ፤ ልቡ ከመምታት ይልቅ የሚርገበገብ ነበር። ኦም ሳኑሲ መሪውን ያዘ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ማንን ይቅርታ እንደጠየቀ አልሰማሁም። የጀልባዋ አፍንጫ ከደሴቱ ላይ ተነሥታ በባዶው ባሕር ላይ ዞረች፣ ዞረች፣ ተራራው ላይ ቆመች። ያኔ ነው የገባኝ። እኔ ስለ ወፎች ስጮህ ሰባት ዓመት ምንም አልከፈልኩም ነበር። ጩኸት ለእኔ ዓይነት ሰው ርካሽ ነው።

አሸዋው ላይ ስንደርስ ፀሐይ ዘንበል ብላለች። ሽማግሌውን ደግፈን አወረድነው። ጫጩቱን መለስኩለት፤ የሱ ነውና። ጫካው ጫፍ ድረስ በራሱ እግር ሄደ፣ ሦስት ጊዜ ዐረፈ። ቆቡን አነሣ። ጫጩቱ መዳፉ ላይ ቆሞ አንድ አፍታ ጫካውን አየ። ዛፍ አይቶ አያውቅም። ቅጠል አይቶ አያውቅም። ከዚያ ተነሣ። ልምምድ የለ፣ መንገዳገድ የለ፤ ድንጋይ ከወንጭፍ እንደሚወጣ ቀጥ ብሎ በሁለት ግንዶች መካከል ገባና ጨለማው ዘጋበት። ከውስጥ አንድ ቅርንጫፍ ሲወዛወዝ አየን፤ ከዚያ ምንም።

ሽማግሌው ባዶ እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

«ኦም» አልኩ በመጨረሻ፣ «ይቆዩኝ። አንድ ትኩስ እቆፍርልዎታለሁ። ሕያው። እያወቅሁ።»

«አብደሻል?» አለኝ ሳይዞር። «ሰባት ዓመት ጆሯችንን ያደነቆርሽን ለዚህ ነው? ሂጂ ቅርጫቱን ክደኚ። ነገ እንሻገራለን፤ ሰው ይጠብቀናል።»

በማግሥቱ ቶጎላ ስንደርስ ወደቡ ሞልቶ ነበር። መዘግየታችን ተሰምቷል፤ ከሩቅ ጀልባዋ ስትዞር ያዩም ነበሩ። የድሮውን ቤት የምትጠብቀው ኔኔ ራቢያ ናት፤ ከኦም ሳኑሲ በዕድሜ ትበልጣለች፣ ሁሉም አያት ብሎ ይጠራታል። በረንዳው ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ከዘንባባ ግንድ ዱቄት የተጋገረው ሳጎና የተጠበሰው ዓሣ ቀርቦ፣ እሷ መካከል ተቀምጣለች። ኦም ሳኑሲ ቅርጫቱን ፊቷ አስቀመጠ። መናገር ያለበት ቃል አለ፤ አያቶቹ ያሉት ቃል። አላለውም።

«የዳክዬ ናቸው» አለ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «ሰባት ዓመት የዳክዬ ነው ያመጣሁት። ዘንድሮ አንድ እውነተኛ ነበረችበት፤ መንገድ ላይ ተፈልፍላ ወጣች። ትናንት ጀልባዋን ያዞርኩት እኔ ነኝ። መለስኳት።»

እኔ ጥርሴን ነክሼ ተዘጋጀሁ፤ አንድ ሰው ቢሰድበው የምመልሰውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

«የዳክዬ መሆኑንማ ምላሳችን ነግሮናል» አለች ኔኔ ራቢያ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ወደ ፊት ዘንበል አለች። «ወጣች ነው ያልከው? በሕይወት?»

«በሕይወት።»

«አንተ አየሃት? ስትወጣ?»

«ሦስታችንም አየናት።»

አሮጊቷ እጇን ወደ ምንጣፉ አወረደች። «የእናቴ እናት እንቁላል ተቀብላለች። እናቴ ተቀብላለች። እኔ ስልሳ ዓመት ተቀብያለሁ። በዚህ ደሴት ላይ ወፊቱን ያየ ሰው የለም። አንድም።» ከበስተኋላ የቆሙትን ሰዎች ገረመመች፣ እንዲቀርቡ በአገጯ ጠራቻቸው። «የጀልባዋ ነገር ይደርሳል። ተቀመጥ። ዓይኗ ምን ይመስላል?»

ኦም ሳኑሲ ተቀመጠ። ትንፋሹን እስኪሰበስብ ሁሉም ጠበቀው። ሴቶቹ ከጓዳ ወጡ፣ ወንዶቹ ከወደቡ መጥተው የበረንዳው ደረጃ ላይ ተጨናነቁ። እሱም ሁለት መዳፎቹን ገጥሞ ፊቱ ላይ ከፍ አደረገና «ወፊቱ ይህን ታክላለች» አለ። ያ ሁሉ ሰው አንገቱን አስግጎ ወደ ባዶው መዳፍ ተመለከተ።